የአርባ ሁለት ሚሊ ሜትሩ ቀለበት፦ በእጅ ላለ ሌንስ የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ስለ መምረጥ

ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ወይም በሥራው ምክንያት የሚያነሣ ሰው ከፊልም ወደ ዲጂታል ሲሻገር የመጀመሪያ ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ይሁን እንጂ ቅደም ተከተሉ የተፋለሰ ነው። በእጁ ሌንስ ያለው ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ያለኝ ሌንስ ከየትኛው ካሜራ ጋር ይስማማል?» ብሎ ነው። ምክንያቱም የካሜራው አካል በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሌላ የሚተካ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሲሆን፣ ሌንሱ ግን በደንብ ከተያዘ ከባለቤቱ አልፎ ለልጅ የሚተርፍ የብርጭቆና የብረት ሥራ ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ኢትዮጵያውያን መካከል ዜኒት ወይም ፕራክቲካ አንግቶ የተመለሰ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ኒኮን፣ ካነን፣ ፔንታክስና ሚኖልታ በየመንገዱ ገብተዋል። ዛሬ በጎንደር ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በሚገኝበት በማራኪ፣ የአባቱን ካሜራ ከሣጥን አውጥቶ «ይህ ሌንስ ዛሬም ይሠራ ይሆን?» የሚል ወጣት መምህር ወይም መሐንዲስ ቢገኝ አያስደንቅም። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ሲተመን ከእጥፍ በላይ ስለ ጨመረ፣ ካሜራን ከነሙሉ ሌንሶቹ አዲስ መግዛት ለደመወዝተኛ ከባድ ሆኗል። በቤት ያለ ደኅና ሌንስ ግን ዋጋው አስቀድሞ የተከፈለበት ሀብት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሀብት ከዲጂታል ካሜራ ጋር የሚያገናኘውን ወይም የሚያለያየውን የመግጠሚያ ታሪክ መተረክና፣ ከታሪኩም ለምርጫ የሚረዳ መመዘኛ ማውጣት ነው። ዓመተ ምሕረት (ዓ.ም.) ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋውና ፎቶግራፉ

ወደ ሌንሱ ከመግባታችን በፊት ሌንሱ ለምን እንደሚፈለግ ማስታወስ ይገባል። ሰሜናዊው ደጋ በስፋት በፎቶግራፍ የተመዘገበው በጦርነት ጊዜ ነበር። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከንጉሣዊ መሐንዲሶች ክፍል የተውጣጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ መጣ። እነዚህ የሙያ አባቶቻችን ካርታና ንድፍ ከማባዛት ሥራቸው ጎን ለጎን የመሬቱን ገጽ፣ የጦሩን አሰፋፈርና የሰዎችን መልክ በብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ቀረጹ። በዘመኑ የነበረው ሰሌዳ ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ስለ ነበረበት፣ ጨለማ ክፍሉም እንደ ድንኳን አብሮ መጓዝ ነበረበት። በቋራ የተወለዱት ንጉሠ ነገሥት በሕይወታቸው ሳሉ የተነሡት የሚታወቅ ፎቶግራፍ የለም፤ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀርቧል። በ1932 ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ተልእኮ ጎንደር ተቀምጦ ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም በቅጂ ተክቶ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወስዷል።

እንዲህ ያሉት አሮጌ ፎቶግራፎች ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም እንዳላቸው በዘመናችን ታይቷል። በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ በ1868 የተነሡትን የሰሜን ኢትዮጵያ መልክዐ ምድሮች ከ140 ዓመት በኋላ በዚያው ቦታ ቆመው እንደገና አነሡና ጥናታቸውን በ2009 አሳተሙ። ንጽጽሩም የዕፀዋት ሽፋንና የመሬት አያያዝ በብዙዎቹ ቦታዎች ከያኔው ይልቅ ተሻሽሎ መገኘቱን አሳየ። አገሩ ሁሉ ያለ ማቋረጥ እየተራቆተ ነው የሚለው የተለመደ አነጋገር በአንድ የብርጭቆ ሰሌዳ ማስረጃነት ተፈተነ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የፎቶግራፍን አተያይ የሚወስነው አንሺው የቆመበት ነጥብ እንጂ የሌንሱ ዓይነት አይደለም፤ ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ነጥብ የሚታየው ምን ያህሉ እንደሚገባ ነው። ሁለተኛ፣ የዝርዝሩ ጥራት በመጀመሪያ የሚወሰነው በሌንሱ ነው፤ ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ከኋላው ያለ ፊልምም ሆነ ሰሌዳ ሊፈጥረው አይችልም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978፣ ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የግንቡ ስንጥቅ የሚሰፋው፣ የገደሉ አፈር የሚሸረሸረው ግን በየዕለቱ ነው። ስለዚህ ከአንድ ነጥብ ላይ ቆሞ በየዓመቱ የሚያነሣ የአገር ልጅ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚበቃው ውድ ዕቃ የገዛ ሁሉ አይደለም፤ በእጁ ያለውን መሣሪያ በሚገባ ያወቀ ነው።

የመግጠሚያው ታሪክ

ባለ አንድ ሌንስ አንጸባራቂ ካሜራ የሚባለው በሌንሱ የገባውን ብርሃን በተጋደመ መስተዋት ወደ ላይ አንጸባርቆ ለዓይን የሚያሳይ፣ ማንሻው ሲጫን ደግሞ መስተዋቱ ተነሥቶ ብርሃኑን ለፊልሙ የሚለቅ መሣሪያ ነው። መስተዋቱ የሚነሣበት ቦታ ስለሚያስፈልገው፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሚሠሩት ካሜራዎች ሌንሱ ከፊልሙ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ ርቆ እንዲገጠም ግድ ሆኗል። ከሌንሱ መግጠሚያ ፊት እስከ ፊልሙ ያለውን ይህን ልክ በዚህ ጽሑፍ «የመግጠሚያ ርቀት» ብለን እንጠራዋለን። የምርጫው ሁሉ ቁልፍ ይህ ልክ ነው።

በ1949 በጀርመን ድሬዝደን ከተማ የተሠራው ኮንታክስ ኤስ ሌንሱ በጥርስ ተጠምዝዞ እንዲገባ አደረገ። የጥርሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጥርስና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር፣ የመግጠሚያ ርቀቱም 45.46 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህን ልክ የዚያው ከተማ ፕራክቲካ ተጠቀመበት፤ በ1957 የጃፓኑ አሳሂ ፔንታክስ ወሰደው፤ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም በሞስኮ አቅራቢያ በክራስኖጎርስክ የሚሠራው ዜኒት ተከተለ። ዜኒት ኢ የተባለው ዓይነት ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ከዜኒት ጋር በብዛት የሚገኘው ሄሊዮስ 44 የትኩረት ርዝመቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ መክፈቻው 2 ሲሆን፣ ንድፉ የተቀዳው ቢዮታር ከተባለው የጀርመኑ የካርል ሳይስ ሌንስ ነው። እንዲህ አድርጎ በጎራ የተከፋፈለው ዓለም ቢያንስ በአንድ ቀለበት ተስማምቶ ነበር፤ የምሥራቅ ጀርመኑ ሌንስ በጃፓኑ፣ የጃፓኑም በሶቪየቱ ካሜራ ላይ ይገባ ነበር።

ጥምዝምዙ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ሌንስ ሲለዋወጥ ጊዜ ይፈጃል። ከዚህም የተነሣ ኩባንያዎቹ በጥቂቱ ዞሮ የሚቆለፍ የየራሳቸውን መግጠሚያ ማበጀት ያዙ። ኒኮን በ1959 ኤፍ የተባለውን መግጠሚያ በ46.5 ሚሊ ሜትር ርቀት አወጣ። ፔንታክስ በ1975 ኬ የተባለውን ሲያወጣ የቀድሞውን 45.46 ሚሊ ሜትር ሳይለውጥ አቆየው፤ በዚህም ባለ ጥርስ የነበሩት የቀድሞ ሌንሶቹ በቀላል ቀለበት በአዲሱ ካሜራ ላይ እንዲሠሩ በሩን ክፍት ተወ። ሚኖልታ በ1985 ራሱ የሚያጠራውን ሌንስ ይዞ ሲመጣ መግጠሚያውን ለወጠ። ካነንም ከ1971 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን ኤፍ ዲ የተባለ መግጠሚያ በ1987 ትቶ፣ መልእክቱን ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ኢ ኤፍ አመጣ። ለቀድሞ ደንበኞቹ መራራ ውሳኔ ነበር፤ የነበሯቸው ሌንሶች ለአዲሱ ካሜራ አልሆኑምና።

ስለዚህ የዲጂታል ዘመን ሲገባ እያንዳንዱ ኩባንያ ከደንበኞቹ ጋር የነበረው ቃል ኪዳን የተለያየ ነበር። አንዱ አሮጌውን ጠብቋል፤ ሌላው ቆርጦ ጥሏል። የዛሬው ገዢ የሚወርሰውም ያንኑ ውሳኔ ነው።

ዲጂታሉ በአሮጌ ሌንስ ላይ መወለዱ

ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሲ ሲ ዲ የተባለ ሰሌዳ በ1969 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ አፈለቁት፤ በ2009ም ለዚሁ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቨን ሳሶን 3.6 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ፤ አንዱን ባለ 0.01 ሜጋ ፒክስል ምስል በቴፕ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ዓመት ግን 1991 ነው። በዚያ ዓመት ኮዳክ ለሽያጭ ያቀረበው ዲ ሲ ኤስ የተባለው ካሜራ የተሠራው ኒኮን ኤፍ 3 በተባለው የፊልም ካሜራ አካል ላይ ነበር። ምስሉ 1.3 ሜጋ ፒክስል፣ ዋጋው 20,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ምስሎቹ የሚቀመጡበት ሣጥን በትከሻ ይንጠለጠል ነበር። ኮዳክ አዲስ ካሜራና አዲስ ሌንስ ከመፍጠር ይልቅ በሰው እጅ ያለውን መምረጡ አስተዋይነት ነው። የታሰቡለት ገዢዎች የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ፤ እነርሱም የኒኮን ሌንስ ነበራቸው። በ1994 ኮዳክ ከአሶሺየትድ ፕሬስ ጋር ያዘጋጀው ካሜራም እንዲሁ የኒኮን አካል የለበሰ ነበር። እንግዲህ በእጅ ላለ ሌንስ ካሜራ መፈለግ የድኻ ብልኀት ብቻ አይደለም፤ ኢንዱስትሪው ራሱ የተጀመረበት መንገድ ነው።

ኒኮን በ1999 ዲ 1 የተባለውን፣ ካነን በ2000 ዲ 30 የተባለውን በራሳቸው ሠሩ። ዋጋው ለተራው ሰው የቀረበው ካነን በ2003 ባለ 6.3 ሜጋ ፒክስሉን 300 ዲ ከ1,000 ዶላር በታች ሲያወጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኒኮን ዲ 70 ተከተለ። ፔንታክስ በ2003 የኬ መግጠሚያን ወደ ዲጂታል አሸጋገረ። የሚኖልታ ቅርስ በ2006 ወደ ሶኒ ሲዛወር መግጠሚያው አልተለወጠም፤ ከ1985 ወዲህ የተሠሩት ሌንሶች በሶኒ አልፋ 100 ላይ ገቡ።

የሚሊ ሜትር ሒሳብ

አሁን የምርጫውን መመዘኛ በቁጥር እናስቀምጥ። ሕጉ አጭር ነው፦ የሌንሱ የመግጠሚያ ርቀት ከካሜራው የሚበልጥ ከሆነ ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት በመካከል ገብቶ ሌንሱ እንደ ቀድሞው ይሠራል። የሚያንስ ከሆነ ግን ሌንሱ ወደ ካሜራው ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፤ ይህም መስተዋቱና መግጠሚያው ስለሚከለክሉ አይሆንም።

የካነን ኢ ኤፍ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 42 ሚሊ ሜትር ጥርሱ ሌንስ 45.46 ስለሚፈልግ 1.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ይበቃዋል። የኒኮን ኤፍ ሌንስ 46.5 ስለሆነ በ2.5፣ የኦሊምፐስ ኦ ኤም ሌንስ 46 ስለሆነ በ2 ሚሊ ሜትር ቀለበት እዚያው ካነን ላይ ይገባል። የሚያስገርመው ግን የካነን የራሱ ኤፍ ዲ ሌንስ 42 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ማስተካከያ ብርጭቆ የሌለው ቀለበት ቢደረግበት በካነን ዲጂታል አንጸባራቂ ካሜራ ላይ ሩቁን ማጥራት አይችልም። የባዕዱ ልጅ ገብቶ የቤቱ ልጅ በር ላይ ቀረ እንደ ማለት ነው።

የዜኒትን ሌንስ በኒኮን ላይ ማድረግ የሚያስከትለውን ደግሞ እናስላ። የኒኮን ርቀት በ1.04 ሚሊ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ቀለበቱ ምንም ውፍረት የሌለው ነው ብለን እንኳ ብናስብ ሌንሱ ከሚገባው በላይ በ1.04 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። የትኩረት ርዝመቱን በራሱ አብዝተን ለዚህ ልዩነት ብናካፍለው 58 × 58 ÷ 1.04 ወደ 3,235 ሚሊ ሜትር ይሰጠናል። ይህም ማለት ሄሊዮስ በኒኮን ላይ ሊያጠራ የሚችለው እስከ 3 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ነው። የድንጋይ ላይ ጽሕፈት ወይም የሰው ፊት ለማንሣት ይበቃል፤ የፋሲልን ግንብ ከነማማው ለማንሣት ግን አይሆንም። ሌንሱ ባለ 135 ሚሊ ሜትር ቢሆን ገደቡ 17.5 ሜትር ይሆናል፤ ከገደል ማዶ ያለች ዋልያ ከዚያ በጣም ትርቃለች። ገደቡን የሚያነሣ ብርጭቆ ያለበት ቀለበት በገበያ ቢኖርም፣ ርካሽ ብርጭቆ በደኅና ሌንስ ኋላ መጨመር የሌንሱን ጥራት መልሶ መሸጥ ነው።

የሰሌዳው ስፋት

መግጠም ብቻውን ምርጫውን አይፈጽምም። የፊልሙ ወርድ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአብዛኛው መካከለኛ ዋጋ ዲጂታል ካሜራ ሰሌዳ በካነን 22፣ በኒኮንና በፔንታክስ ደግሞ ከ23 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሌንሱ አልተለወጠም፤ የሚቀዳው ግን የምስሉ መካከል ብቻ ነው። በ20 ሜትር ርቀት ላይ ቆመን አንድን የግንብ ግድግዳ በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሣ በፊልም 25.7 ሜትር ያህል ወርድ ሲገባ፣ በካነን ትንሹ ሰሌዳ የሚገባው 16 ሜትር ያህል ነው። በሄሊዮስ ቢሆን 12.4 ሜትር የነበረው ከ8 ሜትር በታች ይወርዳል።

ስለሆነም የሚያነሡት ነገር ይመዘን። በፋሲል ግቢ ቅጥር ውስጥ ወደ ኋላ መሸሻ በሌለበት ጠባብ ቦታ፣ ወይም በደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክቱን ፊት ከጣሪያው ላይ ለማንሣት ለሚፈልግ ሰው የትንሹ ሰሌዳ ጉዳት ትልቅ ነው፤ ሰፊ የሚያሳይ ሌንስ መጨመር ወይም ሙሉ የፊልም ስፋት ያለው ሰሌዳ መፈለግ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ሰሌዳ ከዋጋው ዝቅ ብሎ የመጣው በ2005 በወጣው ካነን 5 ዲ ነው፤ የኒኮን የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ስፋት ካሜራ ዲ 3 በ2007፣ ዲ 700 በ2008 ተከተሉ። በአንጻሩ ስሜን ላይ ዋልያና ጭላዳ ለሚያነሣ ሰው ጉዳቱ ጥቅም ይሆናል፤ 135 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በፊልም 216 ሚሊ ሜትር ያህል ሌንስ የሚያሳየውን ያሳየዋልና። በጨለማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም፣ ሥዕልን የሚጎዳ ብልጭታ ሳይጠቀሙ ለማንሣት የሚፈልግ ሰው የአሮጌው ሌንስ ሰፊ መክፈቻ ይጠቅመዋል፤ በመክፈቻ 2 የሚገባው ብርሃን፣ ከርካሽ ዲጂታል ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ በመክፈቻ 5.6 ከሚያስገባው ስምንት እጥፍ ያህል ነው።

ወገን በወገን

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል በእጅ ያለው ሌንስ ምርጫውን እንደሚከተለው ይመራል።

የዜኒት፣ የፕራክቲካ ወይም የቀድሞ ፔንታክስ ባለ ጥርስ ሌንስ ያለው ሰው ሁለት ጥሩ መንገድ አለው። አንዱ ከ2006 ወዲህ የወጣ የፔንታክስ ዲጂታል ካሜራ ነው፤ ከዚያ ዓመት ኬ 100 ዲ ጀምሮ ብዙዎቹ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚቀንሱት ሰሌዳውን በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ የትኩረት ርዝመቱ ከተነገረው ለ50 ዓመት አሮጌ ሌንስም ይረዳል። ሌላው ካነን ነው፤ ቀለበቱ ቀላል፣ ካሜራውም በገበያ የሚበዛ ነው። በሁለቱም ሌንሱ የሚጠራው በእጅ፣ መክፈቻውም የሚዞረው በእጅ ነው። በሙሉ ስፋቱ የካነን ካሜራ ላይ አንዳንዱ ሌንስ በኋላው መስተዋቱን ሊነካ ስለሚችል አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ከዜኒት የመጀመሪያ ዓመታት የቀረ ሌንስ ጥርሱ 39 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላልና በመለኪያ ይረጋገጥ።

የኒኮን ሌንስ ያለው ሰው ወደ ኒኮን መሄዱ ተፈጥሯዊ ቢሆንም ዓመቱን ይመልከት። መግጠሚያው ከ1959 ጀምሮ መልኩን ባይለውጥም፣ ከ1977 በፊት የተሠሩት ሌንሶች የመክፈቻ ቀለበታቸው ካልተሻሻለ በብዙ ካሜራዎች ላይ ያለችውን ትንሽ ምላስ ሊሰብሩ ይችላሉ። እንደ ዲ 40 ያሉት ርካሾቹ ካሜራዎች ይህ ምላስ ስለሌላቸው አሮጌውን ሌንስ ያለ ጉዳት ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ብርሃኑን አይለኩለትም፤ ውስጣቸውም ሞተር ስለሌለ በካሜራው ሞተር የሚዞሩትን ሌንሶች ራሳቸው ሊያጠሩ አይችሉም። ዲ 70፣ ዲ 80ና ዲ 90 ሞተር አላቸው፤ ለእጅ ሌንስ ግን ብርሃን አይለኩም። ከ1977 ወዲህ ለተሠራው የእጅ ሌንስ ሁለቱንም አሟልተው የሚገኙት እንደ ዲ 200፣ ዲ 300፣ ዲ 700ና ዲ 7000 ያሉት ናቸው። እዚህ ላይ ርካሹ ውድ ሊሆን እንደሚችል ይስተዋል።

የካነን ኢ ኤፍ ሌንስ ያለው በማናቸውም የካነን ዲጂታል አንጸባራቂ ካሜራ ላይ ያለ ቀለበት ይሠራል። የሚኖልታ ራስ አጥሪ ሌንስ ያለው ሶኒ አልፋን ይፈልግ። የካነን ኤፍ ዲና ከ1985 በፊት የተሠራ የሚኖልታ ሌንስ ያለው ግን በአንጻባራቂ ካሜራዎች በኩል መውጫ የለውም፤ መንገዱ መስተዋት አልባው ካሜራ ነው። ፓናሶኒክ በ2008፣ ሶኒ በ2010 ያመጡትን መንገድ ካነንና ኒኮን በ2018 በየራሳቸው አዲስ መግጠሚያ ተከትለዋል። መስተዋቱ ሲወገድ የመግጠሚያ ርቀቱ በሶኒ ወደ 18፣ በካነን ወደ 20፣ በኒኮን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ስለ ወረደ፣ ከላይ የተዘረዘሩት ሌንሶች ሁሉ በቀለበት ይገባሉ። ካነንና ኒኮን ለባለሙያ የሠሯቸው የመጨረሻዎቹ ታላላቅ አንጸባራቂ ካሜራዎች የወጡት በ2020 ነው። የኢንዱስትሪው ፊት ወደ ሌላ አቅጣጫ በመዞሩ፣ ያገለገለ አንጸባራቂ ካሜራ ከቀድሞው በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ይህ መልካም አጋጣሚ ነው።

ከመግዛት በፊት

ካሜራ ከመፈለግ በፊት ሌንሱ ራሱ ይመርመር። በክረምት እርጥበት ሣጥን ውስጥ የኖረ ሌንስ በብርጭቆው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታይ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል፤ በባትሪ መብራት ከኋላ ወደ ፊት ቢያዩት ይታወቃል። የመክፈቻው ቅጠሎች ዘይት ነክቷቸው እንዳይዘገዩ፣ የማጥሪያው ቀለበትም ቅባቱ ደርቆ እንዳይከብድ መሞከር ነው። መክፈቻው በካሜራው ግፊት ብቻ የሚዘጋ ባለ ጥርስ ሌንስ፣ ከራስ ሰር ወደ እጅ መለወጫ ከሌለው በቀለበት ላይ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ሄሊዮስ 44–2 መክፈቻው በእጅ የሚዘጋ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም።

ካሜራውን በተመለከተ፣ ምስሉን በኋላው መስኮት ላይ ቀጥታ አሳይቶ የሚያጎላ ዓይነት ይመረጥ። ራሱ ለሚያጠራ ሌንስ የተሠራው የዛሬው መመልከቻ እንደ ቀድሞው ካሜራ ለእጅ ማጥሪያ የሚረዳ ምልክት የለውም፤ አጉልቶ ማየት ግን ስሕተቱን ያስወግዳል። ሻጭ ዘንድ ሲቀርቡም ሌንስንና ቀለበትን ይዞ ሄዶ፣ ሩቅ ያለን የቤት ጣራ አጥርቶ ማየት ከማናቸውም ምስክርነት ይበልጣል። በበጋ አቧራ ሌንስ ሲለዋወጥ ሰሌዳው ስለሚቆሽሽ፣ ካሜራውን አጥፍቶ አፉን ወደ መሬት አድርጎ በፍጥነት መለወጥ ይገባል። አሮጌ ሌንስ ከካሜራው ጋር አይነጋገርምና የተጠቀሙበት ሌንስና መክፈቻ በፋይሉ ውስጥ ላይመዘገብ ይችላል፤ ስለዚህ እንደ ቀያሽ መዝገብ ቀኑ፣ ነጥቡ፣ ሌንሱና መክፈቻው በማስታወሻ ይጻፍ። ስንጥቅን በየዓመቱ ለሚከታተል መሐንዲስ ይህ የሌንሱ ዝምታ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በእጅ ተጠርቶ የታሰረ ሌንስ ልኩን ሳይለውጥ ስለሚቆይ ለመለካት ታማኝ ነው።

መደምደሚያ

ከ1949 እስከ ዛሬ ያለው የመግጠሚያ ታሪክ የሚያስተምረው፣ ዕቃ ሲገዛ የሚገዛው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሠሪው ከትናንት ዕቃው ጋር ያለው ታማኝነትም ጭምር መሆኑን ነው። የድሬዝደኑ ቀለበት ያስገኘው አገር ፈርሷል፤ የሶቪየት ኅብረትም የለም፤ ሌንሶቹ ግን በየቤቱ አሉ፤ 1.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ብቻ ተጨምሮላቸው ዛሬም ይሠራሉ። በ1868 በዚህ ደጋ የቆሙት መሐንዲሶች የተዉት ሰሌዳ ከ140 ዓመት በኋላ ማስረጃ የሆነው መሣሪያቸው የዘመኑ ምርጥ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ በነበራቸው መሣሪያ በጊዜው ስላነሡ ነው። ከማራኪ ሆኖ የጎንደርን ግንቦችና የስሜንን ገደሎች ለመጪው ትውልድ መመዝገብ የሚሻ ባልደረባም አዲስ ካሜራ እስኪሞላለት ድረስ ዓመታቱ ሊያልፉት አይገባም። ሣጥኑን ይክፈት፣ ሌንሱን ይለካ፣ ከዚያ በኋላ ካሜራውን ይምረጥ።